ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይጠራው ስልክ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንባቢያን ደብዳቤ ገጻችሁ ላይ አንድ አባት የጻፉትን አነበብኩ። መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸው ላይ ያሳተሙት ቁጥር ላይ ሲደውሉ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም ይላሉ። ሠራተኛው ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ እየሰማ፣ ዝም የሚል መስሏቸዋል። ተናደዋል፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ከስልኩ በዚህኛው ጫፍ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። እኚያ አባት የደወሉት እኛ ጋ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ አደርኩ። ባለፈው ክረምት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት የደወለልን ሰው ሁሉ እሳቸው የጻፉትን ነው ያየው። እኔ ደግሞ ስልኩ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ነበር። አልጠራም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለምን እንዳልጠራ ስለደረስንበት ነው። እንደኛ ያገለገለ የስልክ ማዞሪያ፣ ማለትም ክፍሎችን እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኝ ማሽን፣ ገዝቶ የሰቀለ መሥሪያ ቤት ብዙ ይመስለኛል። ስንቱ "ማሽኑ ሞቷል" ተብሎ ጥሎት ይሆን? ስንቱስ ሳያውቀው ሰው ያጉላላ ይሆን?

ሥራ የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ነው። የአገሩ ስልክ ቁጥር ተለውጦ የእኛ አካባቢ 058 የሆነበት ዓመት ነው። ቁጥራችን ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ካርዱ ላይ ታትሟል። ማዘዣው ላይ ታትሟል። እናቶች በሚይዙት የክትትል ደብተር ላይም አለ። ከዘጌ፣ ከቁንዝላ፣ ከደቅ ደሴት የሚመጡ ታካሚዎች አሉን። ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት ይደውላሉ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ "ሐኪሙ ዛሬ አለ?" ሞባይል ለሁሉም ደርሶ የለ እንዴ የሚለኝ አለ። ሞባይል ያላቸውም የሚደውሉት በዚሁ ቁጥር ነው። የእኔ ሞባይል ከእኔ ጋር ይሄዳል፤ ያ ቁጥር ግን ማንም ተረኛ ቢሆን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው።

አምና ክሊኒኩ ሰፋ። ላቦራቶሪው ወደ ኋላ ቤት ሄደ፣ ፋርማሲ ተጨመረ፣ አልትራሳውንድ ገባ። አንድ ክፍል ለሌላው ለመናገር ሰው መላክ ሰለቸን። አዲስ ማዞሪያ የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረም። አንድ ነጋዴ ከአንድ የተዘጋ ቢሮ የተነሳ ዕቃ አለኝ አለን። ፓናሶኒክ ነው፤ ኬኤክስ ቲኢኤስ 824 ይባላል። እንዲሁ እንዳለ 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ መስመር ይይዛል። ማስፋፊያ ካርድ ከተጨመረበት እስከ 8 የውጭ እና 24 የውስጥ ድረስ ያድጋል። ለእኛ ከበቂ በላይ ነበር። 18 ሺህ ብር ከፈልን።

ነጋዴው ሰው ይዞ መጥቶ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰቀለልን። ሲያስረክበን ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ ደወለ። ጠራ። ሲስተር "ሃሎ" ስትል ሁላችንም ደስ አለን። ያ ነው ስህተቱ። ያሳየን የውስጡን ብቻ ነው። የውጩን መስመር አልሞከርንም። መመሪያ መጽሐፍ አልሰጠንም፤ የፕሮግራሙን የምስጢር ቁጥርም አልነገረን። እኛም አልጠየቅንም።

ሳምንት ሳይሞላ ክሊኒኩ ውስጥ የሁሉም ሰው ቋንቋ "ውጭ መስመር አይሠራም" ሆነ። ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይደብቃል። እኛ ጋ "ሆዴን ያመኛል" ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ አንድ መድኃኒት ይዞ አይወጣም። የት ጋ? መቼ መቼ? ስትበላ ነው ወይስ ሳትበላ? ይባላል። ስልኩን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀውም። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ በደብተር ጻፍኩት። 9 ተጭነን ወደ ውጭ ስንደውል አንዳንዴ ቶን (ቁጥር ምቱ የሚለው የመስመሩ ድምፅ) አለ፣ አንዳንዴ ጸጥ ነው። ዝናብ ሲዘንብ አንዱ መስመር ይንጫጫል። ወደ አንዳንድ ሞባይል ይወጣል፣ ወደ አንዳንዱ ወዲያው ቢዚ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይሞታል። ጠዋት ከውጭ የሚደውል የለም። የመጨረሻውን የጻፍኩት እንደ ብልሽት ቆጥሬው አልነበረም። ክረምት ነው፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የማይደውሉት ብዬ ነበር።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ከደቅ አንድ ሰው ባለቤቱን ይዞ መጣ። ነፍሰ ጡር ናት። አልትራሳውንድ የሚያየው ሐኪም የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ምነው ሳትደውሉ መጣችሁ አልኩት። "ደወልን እኮ እትዬ። ትናንትም ደወልን፣ ከትናንት ወዲያም ደወልን። ስልኩ ይጠራል፣ ሰው የለም" አለኝ። አልጠራም አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። እየዋሸሁት መስሎታል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዘመድ ፈልገው አድረው ዓርብን ጠበቁ። እኔ ያን አስተያየቱን አልረሳውም።

ሁለት ቴክኒሻኖች በየተራ መጡ። አንዱ "ማሽኑ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ" አለ። ሌላው "ጥፋቱ የቴሌ ነው" አለ። ሁለቱም ይህን የተናገሩት ክዳኑን ሳይከፍቱ ነው። ሁለቱም የመመላለሻ ተከፍሏቸዋል።

መፍትሔው የመጣው ከአንዷ ነርሳችን አባት ነው። የቴሌ ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምሰሶ ሲወጡ የኖሩ የመስመር ሠራተኛ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጃንጥላ ይዘው መጡ። ቦርሳቸው ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ እና አንድ አሮጌ ተራ ስልክ አለ። የስልኩ ገመድ ጫፍ ላይ ሁለት የብረት መቆንጠጫ ታስሯል። ማሽኑን አላዩትም። "መስመሩ ግቢያችሁ የሚገባው በየት ነው?" አሉኝ። ስንት ዓመት ስሠራ አላውቀውም ነበር። ዞረን ዞረን ከማንጎው ዛፍ ኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሸረሪት ያደራባት ትንሽ ሳጥን አገኘን።

"መጀመሪያ መስመሩን ጠይቂው ልጄ። ማሽኑን ኋላ ትጠይቂዋለሽ" አሉኝ።

ይህን ነው ለሌላው እንዲደርስ የምፈልገው። ወደ ውስጥ የሚሄደውን ገመድ ከሳጥኗ ፈቱ። ከውጭ በሚመጣው ላይ ብቻ መቆንጠጫቸውን አደረጉ። እንዲህ ሲሆን መሃል ላይ ማሽን የለም፣ የእኛ ገመድ የለም፤ ስልኩና ቴሌ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው መስመር ጥርት ያለ ቶን ሰጠ። ሁለተኛውም ጥርት ያለ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። በቴስተሩም ለኩት። ስልክ ሳይነሳ መስመሩ ላይ 48 ቮልት አካባቢ ይኖራል። ሲነሳ ከ10 ቮልት በታች ይወርዳል። በደህና ጊዜ እንዲህ ነው። እዚያ ሳጥን ላይ ቶን ባይኖር ወይም ቢንጫጫ ኖሮ 994 ደውለን ማመልከት ነበረብን። ማሽናችሁን አይታችኋል ወይ ቢሉንም መልስ ይኖረን ነበር። አሁን ግን ከሳጥኗ ወዲህ ያለው ሁሉ የእኛ ጣጣ እንደሆነ ታወቀ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልታወቀ ነገር በሩብ ሰዓት ታወቀ።

አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ እኔም አስጠነቅቃለሁ። 48 ቮልቱ ብዙ አይጎዳም፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ጥሪ ከገባ ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት ድረስ ይመጣል፣ እጅን ያንዘረዝራል። ሰማዩ እያጉረመረመ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ያን ቀን ራሱ በጣና በኩል ደመናው ሲጠቁር ሥራውን አቁመው ቡና ጠጡ። ካባራ በኋላ ቀጠሉ።

ቀጥለው ገመዱን መልሰው አሰሩና ያንኑ ስልክ ማሽኑ አጠገብ፣ ገመዱ የሚያበቃበት ጋ ሞከሩት። አሁን ሦስተኛው መስመር ተንጫጫ። ዘይት ውስጥ እንደተጨመረ ሽንኩርት ዓይነት ድምፅ ነው። ሳጥኗ ላይ ጥርት ብሎ፣ ማሽኑ ጋ ሲደርስ ከተንጫጫ በሽታው መሃል ላይ ነው ማለት ነው። ገመዱን በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱ። መስኮቱ ሥር በፕላስተር የተጠቀለለ መቀጠያ አገኙ። ሲፈቱት መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ውሃ ገብቶበታል። ቆርጠው፣ አዲስ አድርገው ቀጥለው በትንሽ ሳጥን ከደኑት። ገመዱ ግድግዳውን ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንዲመለስ አደረጉት። ውሃው እዚያ ጎንበስ ያለበት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት ወደ ውስጥ አይገባም። ለዚህ ሥራ የወጣው ወጪ 100 ብር አይሞላም።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ኢንተርኔት አለብን። አንደኛው ቴክኒሻን ስፕሊተሩን፣ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየውን ትንሽ ዕቃ፣ አያስፈልግም ብሎ ጥሎት ነበር። ለዚህ ነው እዚያ መስመር ላይ የሽሽሽ ድምፅ የነበረው፣ ስልክ ሲጠራም ኢንተርኔቱ ይቋረጥ የነበረው። ስፕሊተሩ ከማሽኑ በፊት ይገባል፤ አንዱ እግሩ ወደ ሞደም፣ አንዱ ወደ ማሽኑ። ተመለሰ፣ ጸጥ አለ።

ከዚያ ማሽኑ ራሱ ተጠየቀ። 9 ስንጫን ማሽኑ ባዶ ያገኘውን መስመር ነው የሚሰጠን፤ የትኛውን እንደሰጠን አናውቅም። 81 ብለን ከደወልን ግን አንደኛውን ብቻ ይሰጠናል፤ 82 ሁለተኛውን፣ 83 ሦስተኛውን። ይህን የነገረን ሰው አልነበረም! 81 ቶን ሰጠ። 83 ቶን ሰጠ። 82 ጸጥ። "እሺ፣ አሁን አቀያይሪያቸው" አሉኝ። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሶኬት አቀያየርኩ። መስመሩ የታመመ ቢሆን ኖሮ ጸጥታው ተከትሎት ወደ 83 ይሄድ ነበር። አልሄደም። 82 እንደነበረው ጸጥ ብሎ ቀረ። ስለዚህ የታመመው መስመሩ አይደለም፤ ማሽኑ ላይ ያለው ሁለተኛው የመስመር መሰኪያ ቀዳዳ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ታየ። ሁለተኛዋ ቀዳዳ ኋላ ቦርዱ ላይ ጥቁር ጠባሳ አለ። መብረቅ ነው አሉ። የምድር ሽቦ ማሰሪያው ባዶውን ነበር። ማሽኑ መሬት የሚገባ ሽቦ እንዲታሰርለት የተሠራ ነው፤ ያ ከሌለ በመስመሩ የመጣው ኃይል ማለፊያ ሲያጣ ቦርዱን ያቃጥላል። እዚህ አገር ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ሐይቁ ላይ መብረቅ ሲወርድ ያየ ሰው ይህ ሽቦ ቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል። ጠባሳው ከእኛ በፊት የነበረ ይሁን ከሰቀልነው በኋላ የመጣ፣ ማረጋገጥ አልቻልንም። ነጋዴው ሲያስረክበን ሦስቱን በየተራ በ81፣ በ82፣ በ83 አሳይቶን ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር።

አሁን "አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም" የሚባለው ገባኝ። ሰው በመጀመሪያው መስመር እያወራ ሌላው 9 ሲጫን ማሽኑ የተቃጠለችውን ቀዳዳ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ቁጥራችን የሚደውልልን ሰውም ጥሪው መጥቶ እዚያች የሞተች ቀዳዳ ላይ ይቀራል። እዚህ ላይ እኚያ አባት እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ስንደውል በጆሯችን የምንሰማው የመጥራት ድምፅ ከምንደውልለት ሰው ጠረጴዛ አይደለም የሚመጣው። የሚልክልን የቴሌ ማዞሪያ ነው። እዚያ ማዶ ስልኩ ተቆርጦ ቢወድቅም እኛ "ይጠራል" እንላለን። የደቁ ሰው አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም።

ማሽኑ የተቃጠለችውን ቀዳዳ እንዲተዋት በፕሮግራም መናገር ይቻላል። ለዚህ ግን የምስጢር ቁጥሩ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ ሲወጣ 1234 ነው፤ የበፊቶቹ ባለቤቶች ለውጠውታል። ነጋዴው ስልክ ስንደውልለት አላውቅም አለ። ተስፋ ቆርጠን ክዳኑን ልንዘጋ ስንል ውስጡ የተለጠፈች ወረቀት አየሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈ የውስጥ መስመር ዝርዝር ነው፤ 101 ጸሐፊ፣ 102 ሒሳብ፣ 103 መጋዘን እያለ ይወርዳል። ከታች አንድ የአዲስ አበባ ቁጥር አለ። በሞባይሌ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ያን ዝርዝር የጻፈችው ራሷ ናት። ቢሮው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ማሽኑ እንደተሸጠ እንኳ በደንብ አታውቅም። ሁኔታውን ነገርኳት። "ቆይ እኅቴ፣ አሮጌው ደብተሬ ላይ ይኖራል" ብላ ፈልጋ አነበበችልኝ። ያችን ሴት እግዜር ይስጣት።

ፕሮግራሙ ሲከፈት መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የታየው ሰዓቱ ነው። እኔ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ማሽኑም 8፡10 ይላል። ልክ ነው ብዬ ልለፍ ስል ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። "ይህ ማሽን የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው" አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ፍንትው አለ። ማሽኑ በሰዓት እየተመራ ቀንና ሌሊት ይለያል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9፡00 ቀን ይገባል፣ ከቀኑ 5፡00 ሌሊት ይሆናል። ቀን ከሆነ ከውጭ የመጣ ጥሪ ካርድ ክፍል ይጠራል። ሌሊት ከሆነ ጥበቃ ቤት። ሰኔ ላይ ማሽኑን የሰቀለልን ሰው ሰዓቱን ሲሞላ "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። 2 ሰዓት ተኩል አልኩት። 2፡30 ብሎ ሞላ፤ ጠዋት ስለሆነም "ኤኤም" አለው። ማሽኑ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል መሰለው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ለማሽኑ ጠዋት የሚሆነው እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ስንል ነው። ሌሊት የሚሆነው ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት።

ሲደማመር እንዲህ ነው። ጠዋት የደወለ ሰው ጥሪው ወደ ጥበቃ ቤት ይሄዳል። የሌሊቱ ጥበቃ 12 ሰዓት ላይ ቆልፎ ወጥቷል፤ የቀኑ ጥበቃ በር ላይ ነው የሚቆመው። ስልኩ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለብቻው ይጮሃል። ማታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሌሊቱን ጥበቃ ስንጠይቃቸው "ከመሸ በኋላ ካርድ ክፍል ውስጥ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ቁልፍ የለኝም፣ ምን ላድርግ? ከ5 ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ እኔ ይመጣል" አሉን። ይህን ለሦስት ሳምንት ያውቁ ነበር። የጠየቃቸው የለም። አሁን ሰዓቱ ተስተካክሏል። ማሽኑ ላይ ባለው ወረቀት ላይም በትልቁ ጽፌበታለሁ፤ ሰዓት ስትሞሉ 6 ቀንሱ ወይም ደምሩ፣ ጠዋትና ከሰዓትን ለዩ። አገራችን ውስጥ ስንት ማሽን በዚህ ምክንያት ቀኑን ሌሊት ብሎ ተቀምጦ ይሆን? ካሜራ፣ የበር መክፈቻ፣ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው።

ወደ አንዳንድ ሞባይል አልወጣ ያለውም እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ነበር። የበፊቶቹ ባለቤቶች ሠራተኛው ሩቅ አገር እንዳይደውል በ0 የሚጀምር ቁጥር በሙሉ ከልክለዋል። ከክልከላው ነጻ ያወጡት የጥቂት ከተሞችን መነሻና 09ን ብቻ ነው። ያኔ ሞባይል ማለት 09 ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ታካሚ ሞልቷል። ማሽኑ 07 የሚባል አያውቅም፤ ስንደውል ወዲያው ቢዚ ይለናል። የላቦራቶሪ ውጤት ደርሷል ለማለት እየደወልን ስንቱን "ስልካቸው አይሠራም" ብለን ካርዳቸው ላይ ጽፈናል። 07 ተጨመረ፣ አለቀ። ጊዜው ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ካርድ አውጥቼ መልሼ ደወልኩላቸው።

ስለ መብራት መጥፋት አጠር አድርጌ ልጻፍ። ይህ ማሽን መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያውን የውጭ መስመር በቀጥታ ከመጀመሪያው የውስጥ መስመር ጋር ያገናኘዋል። የቴሌ መዳብ መስመር የራሱን ኃይል ይዞ ስለሚመጣ ስልኩ መሥራት አለበት። የእኛ አልሠራ ያለው በመጀመሪያው የውስጥ መስመር ቀዳዳ ላይ የተሰካው ባለ ስክሪኑ ትልቅ ስልክ ስለሆነ ነው። እሱ ኃይል የሚያገኘው ከማሽኑ ነው። አብሮት አንድ ተራ ስልክ ሰካንበት። አሁን ከተማው ሁሉ ጨልሞም እናወራለን። ወደ ፋይበር የተዛወራችሁ መሥሪያ ቤቶች ግን ይህ አይሠራላችሁም። ስልኩ የሚወጣው ከፋይበሩ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ መብራት ካጣ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። ለሳጥኑም ለማሽኑም ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ያስፈልጋል።

ያገለገለ ዕቃ አትግዙ አልልም። ማሽኑ ጠንካራ ነው፤ አሁንም እያገለገለን ነው። ነጋዴዎችን ግን እለምናለሁ። ስትሸጡ የምስጢር ቁጥሩን ከበፊቱ ባለቤት ተቀብላችሁ ስጡ። የውጭ መስመሮቹን አንድ በአንድ፣ ገዢው ፊት ሞክሩ። ሲደወልም ሲገባም። የምድር ሽቦ ሳታስሩ አትሂዱ። ገዢውም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ይጠይቅ። ቴክኒሻኖች ደግሞ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት አንድ ተራ ስልክ ይዛችሁ መግቢያዋ ሳጥን ጋ ሂዱ። ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኞች በየሰፈሩ አሉ። እጃቸው ያውቃል። የሙያ ትምህርት ቤቶች ቢጠሯቸው፣ ልጆቹ ፊት ቢያቆሟቸው ምን ነበረበት? እኛ ጋ የመጡት አባት ብር አልቀበልም ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ነው የሄዱት።

ለእኚያ ለጻፉት አባት፤ የደወሉት እኛ ጋ ከነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እኔ ጋ ይጠራል።

ለደቁ ሰው ዓርብ ዕለት ሲመለስ ነገሩን ብነግረው ደስ ባለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔም ገና አላወቅኩትም ነበር። ባለቤቱ ጳጉሜን ላይ በሰላም ተገላግላለች። ደውሎ ነገረን፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በመደበኛው ስልክ።

ሁለተኛዋ ቀዳዳ እስካሁን እንደተቃጠለች ናት። በሁለት መስመር ነው ያለነው። የዚህ ሞዴል የተበላሸ ማሽን ያለው፣ ቦርዱን ለመለዋወጫ መስጠት ወይም መሸጥ የሚፈልግ አንባቢ ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያሳውቀኝ እመጣለሁ። አዲስ አበባም ቢሆን እመጣለሁ።

የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ
ከባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ